ዝርያ ምንድን ነው? አዲስ ዝርያስ እንዴት ይፈጠራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ በጓሮ፣ በበረትና በደን ከሚታየው ተነስተው ሰዎች የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ዝርያ ማለት ምን ማለት ነው?

የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ትርጉም ኤርንስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ያስቀመጠው ነው፦ በተፈጥሮ ኑሯቸው እርስ በርሳቸው የሚራቡ፣ ልጆቻቸውም መልሰው የሚወልዱ፣ ከሌላው ቡድን ጋር ግን በመራባት የተነጠሉ ሕያዋን አንድ ዝርያ ናቸው። «በተፈጥሮ ኑሯቸው» የምትለዋን ልብ ይሏል። አንበሳና ነብር በአንድ አጥር ተዘግቶባቸው ቢዳቀሉ ያ ሰው ያመጣው ነገር ነው፤ ጥያቄው ማንም ሳያስገድዳቸው ምን ያደርጋሉ የሚል ነው።

ትርጉሙ ስለ ቡድን እንጂ ስለ አንዲት ላም ወይም ስለ አንድ ዛፍ አይናገርም። መካን የሆነች ላም ከዝርያዋ አትወጣም። ወላጆቿና እህቶቿ ከሌሎች ከብቶች ጋር እየተራቡ አንድ የዘር ጅረት ውስጥ ስላሉ እሷም እዚያው ናት።

«የቦረና ዝርያ»፣ «የሆልስታይን ዝርያ» ይባል የለ? ታዲያ እነዚህ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው?

አይደሉም። እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባን ቋንቋችን ነው፤ «ዝርያ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለሦስት የተለያዩ ነገሮች እንጠቀምባታለን። የወተት ላም ገዢ «ዝርያዋ ምንድን ነው?» ሲል ሰው መርጦ ያራባውን የከብት ዓይነት መጠየቁ ነው። ገበሬ «የጤፍ ዝርያ» ሲል የዘሩን ዓይነት ማለቱ ነው። የሥነ ሕይወት ባለሙያ «ዝርያ» ሲል ግን ከላይ የተባለውን የመራቢያ ድንበር ነው የሚያስበው።

የቦረና ላም በሆልስታይን ኮርማ ዘር ስትዳቀል የምትወለደው ጊደር ግማሽ የውጭ ደም ይኖራታል። እሷ እንደገና ለሆልስታይን ስትዳቀል የምትወልደው 75 በመቶ ይደርሳል። በየደረጃው ያሉት ሁሉ ይወልዳሉ፤ ሁሉም 60 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ውርስን የሚሸከም ክር) ነው ያላቸው። የውጭ ደሙ ሲበዛ በሰበታና በሱሉልታ አርቢዎች ላይ የሚመጣው ጣጣ የመኖ፣ የሙቀትና የበሽታ ነው፤ መካንነት ከዚህ የለበትም። ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍም ቀለማቸው ቢለያይ አንድ ዝርያ ናቸው። ከዚህ በታች «ዝርያ» የምንለው በሥነ ሕይወት ትርጉሙ ብቻ ነው።

የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ የአንድ ዝርያ ሁለት ዓይነት ናቸው?

አይደሉም፤ ወገናቸው (የሚቀራረቡ ዝርያዎችን አንድ ላይ የሚያሰባስበው ምድብ) እንኳ የተለያየ ነው። የሐበሻ ጥድ ሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ሲሆን በእንጦጦና በመናገሻ ሱባ ያለው የአገሬው ዛፍ ነው። የፈረንጅ ጥድ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ይባላል፤ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ፍሬያቸውን በእጅ ይዞ ማየት ይበቃል። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ለስላሳ፣ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የምታደላ፣ ነጭ ብናኝ የለበሰች እንክብል ናት፤ በጣት ስትጨመቅ ትፈርጣለች። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ እንጨት ሆኖ ይደርቃል፣ ከዚያ እንደ ጋሻ የተገጣጠሙት ቅርፊቶቹ ተከፍተው ዘሩን ያራግፋሉ።

ሳይንሳዊ ስም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ካርል ሊኒየስ በ18ኛው መቶ ዘመን ያስለመደው ባለ ሁለት ቃል ስም የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይነግረናል። ለችግኝ «ጥድ» ብሎ ማዘዝ ሁለት የማይዛመድ ጠባይ ያላቸው ዛፎችን አንድ አድርጎ መጥራት ነው። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው፤ «ነጭ ባሕር ዛፍ»ና «ቀይ ባሕር ዛፍ» የሚባሉት ወገናቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ነጩ ደጋ፣ ቀዩ ቆላና ወይና ደጋ ይስማማዋል።

ንዑስ ዝርያ የሚባለውስ?

የአንድ ዝርያ አባላት ሆነው በተለያየ አካባቢ የሚኖሩ፣ በመልክ የሚለዩ፣ ቢገናኙ ግን ያለ ችግር የሚራቡ ቡድኖች ንዑስ ዝርያ ይባላሉ። በመናገሻ ሱባ ደን የሚታየው የምኒልክ ድኩላ የድኩላ ንዑስ ዝርያ ነው። አውራው ፀጉሩ ረዘም ያለ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ በመሆኑ ከቆላው ድኩላ ይለያል። የኛ ወይራም ዘይቱ ከሚጨመቀው የሜዲትራንያን ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ሆኖ ንዑስ ዝርያው ሌላ ነው። ፍሬው ትንሽና ሥጋው ቀጭን ስለሆነ ለዘይት አይመችም።

በቅሎ ለምን አትወልድም?

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። ለዚህ ጥያቄ ግን አባቷም ያስፈልገናል። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62። ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ስትወርስ በቅሎ 63 ይኖራታል። ጎደሎ ቁጥር መሆኑ የችግሩ አንድ ክፍል ነው። ዋናው ነገር የፈረሱና የአህያው ክሮሞዞሞች ላይ የዘረ መሉ (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የውርስ መመሪያ) አደራደር መለያየቱ ነው።

የበቅሎዋ ሰውነት ምንም አይጎድለውም፤ ጡንቻዋ፣ ሰኮናዋ፣ ጽናቷ ከወላጆቿ ሊበልጥ ይችላል። ምክንያቱም የሰውነት ሕዋስ ሲባዛ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ራሱን ገልብጦ ይከፈላል፤ ጓደኛ አይፈልግም። የእንቁላልና የወንዴ ዘር ሲሠራ ግን ከእናት የመጣው ክሮሞዞም ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ መጣመር አለበት። እዚያ ላይ አቻው አይገጥምለትም፣ ሥራው ይቋረጣል፣ የዘር ሕዋሱ ይሞታል። ሴት በቅሎ የወለደችበት አጋጣሚ በዓለም ተመዝግቧል፤ እጅግ ጥቂት ነው። ወንዱ ግን መካን ነው።

ከዝርያ አንጻር ትርጉሙ ይህ ነው፦ ፈረስና አህያ በአንድ ሜዳ እየጋጡ ለብዙ ሺህ ዓመታት ቢኖሩም የአህያ ዘረ መል ወደ ፈረስ መንጋ አይሻገርም። በቅሎዋ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

በግና ፍየል አብረው ያድራሉ፤ ለምን አይዳቀሉም?

መጠቃቃታቸው በአርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጽንሱ ነው የማይዘልቀው። ፍየል 60፣ በግ 54 ክሮሞዞም አላቸው። ቢፀነስም በአብዛኛው በማሕፀን ውስጥ እያለ ይሞታል። በሕይወት ተወልዶ ያደገ ዲቃላ በጣም ብርቅ ነው። «የኔ ፍየል ከበግ ወለደች» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ፀጉሩ የበግ የመሰለ ግልገል ነው። ጅራቱን ማየት ይጠቅማል፤ የፍየል አጭርና ወደ ላይ የቆመ ነው፣ የበግ ይንጠለጠላል።

ሁለት ዝርያዎች እንዳይቀላቀሉ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

በቅሎ ላይ ያየነው የመጨረሻው በር ነው። ከዚያ በፊት ብዙ በሮች አሉ፤ በተፈጥሮ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። የሚያብቡበት ወይም የሚጠቃቁበት ወቅት ሊለያይ ይችላል። አንዱ ረግረግ፣ ሌላው ደረቅ ሣር ሊመርጥ ይችላል። ሴቷ የማታውቀውን ጥሪ ትታ ልታልፍ ትችላለች። የአበባ ብናኙ ባዕድ አበባ ላይ አርፎ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል።

በክረምት ማታ በሱሉልታ ሜዳ ውኃ በተኛበት ሣር ዳር ቆሞ ማዳመጥ ይህን ያስረዳል። የሚጮኹት ወንዶቹ እንቁራሪቶች ናቸው። የአንዱ ጥሪ አጭርና ተደጋጋሚ፣ የሌላው ረጅምና ጎርናና ቢሆን ሴቷ የምትሄደው ወደ ራሷ ዝርያ ጥሪ ብቻ ነው። ሰው በእጁ ይዞ መለየት ያቃተውን እሷ በጨለማ በጆሮዋ ትለየዋለች። በኢትዮጵያ ደጋ ያሉት የሣር እንቁራሪቶች ለብዙ ጊዜ በጥቂት ስም ሲጠሩ ቆይተው፣ ጥሪያቸው ተቀርጾ፣ አካላቸው ተለክቶና ዲኤንኤያቸው (ዘረ መሉ የተጻፈበት ውህድ) ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 አራት አዳዲስ ዝርያዎች ከመካከላቸው ተሰይመዋል።

በመልክ አንድ ከሆኑ መለየቱ ምን ይጠቅማል?

ወባን የምታስተላልፈዋን ትንኝ እንውሰድ። በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ናት። በአጉሊ መነጽር እንኳ ከእሷ የማትለይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አኖፌለስ አማሪከስ የሚል ስም የተሰጣት ሌላ ዝርያ አለች። ይህችኛዋ የምትመርጠው የከብት ደም ነው፣ ወባ አስተላላፊም አይደለችም። የሚለያቸው ከአንድ እግር በሚወሰድ ዲኤንኤ የሚደረግ ምርመራ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር መድኃኒቱን የማያስፈልግበት ቦታ መርጨት ሊያስከትል ይችላል።

አዲስ ዝርያ የሚፈጠረው እንዴት ነው?

በብዛት የሚታወቀው መንገድ መለያየት ነው። አንድ ሕዝብ፣ ማለትም በአንድ አካባቢ አብሮ የሚራባ የአንድ ዝርያ ቡድን፣ በተራራ፣ በሸለቆ፣ በውኃ ወይም በርቀት ለሁለት ይከፈላል። በሁለቱም ወገን በየትውልዱ አዳዲስ የዘረ መል ለውጦች ይመጣሉ። ወዲህ የመጣው ወዲያ አይሻገርም፣ ወዲያ የመጣውም ወዲህ። የአየሩ፣ የምግቡና የጠላቱ ሁኔታ የተለያየ ስለሆነ ተፈጥሯዊ ምርጫ (ለአካባቢው የተስማማው ይበልጥ ተርፎ መውለዱ) ሁለቱን ወደተለያየ አቅጣጫ ይገፋቸዋል። ቡድኑ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ዕጣ ብቻውን ብዙ ነገር ይለውጣል። ረጅም ዘመን አልፎ ቢገናኙ አይፈላለጉም፣ ቢፈላለጉም ልጃቸው አይበረታም።

በእንጦጦ ላይ የሚያንዣብበውን ግዙፍ ቁራ ይመልከቱ፤ ምንቃሩ ወፍራምና ቆልማማ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። የቅርብ ዘመዱ አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከኡጋንዳና ከኬንያ ተራሮች እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ቁራ ነው። ሁለቱም ከፍታ ወዳዶች ሲሆኑ በመሐላቸው የቱርካና ቆላ ተዘርግቷል። የእኛ ደጋ በቆላ የተከበበ ደሴት ስለሆነ ሌላ አገር የሌሉ ብዙ ዝርያዎችን ይዟል። በገፈርሳና በሱሉልታ ውኃ ዳር የሚታየው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ስምጥ ሸለቆውም ደጋውን ለሁለት ስለከፈለው በምሥራቅና በምዕራብ ያሉ እንቁራሪቶች በየፊናቸው ሄደዋል።

አንድ ስህተት እዚህ ላይ እናርም። እንስሳው «ሊለወጥ ፈልጎ» አይለወጥም። ግለሰቡ ይዞት በተወለደው ዘረ መል ኖሮ ይሞታል፤ የሚለወጠው ከትውልድ ትውልድ በሕዝቡ ውስጥ የትኛው ዘረ መል በዛ የሚለው ነው።

በአንድና በሁለት ትውልድ አዲስ ዝርያ ሊፈጠር ይችላል?

በዕፅዋት ይችላል፤ ማስረጃውም ጓሯችን ውስጥ ነው። የሐበሻ ጎመን ወይም ጎመን ዘር የምንለው ተክል ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ሲሆን ከሁለት ሌሎች ዝርያዎች መዳቀል የተወለደ ነው። አንዱ ወላጁ ሰናፍጭ ነው፤ 16 ክሮሞዞም አለው። ሌላው ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ የወጡበት ዝርያ ነው፤ 18 ክሮሞዞም አለው። ሁለቱ ሲዳቀሉ ልጁ ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9 ወስዶ 17 ይይዛል። እንደ በቅሎዋ ሁሉ ክሮሞዞሞቹ አቻ ስለሌላቸው ተክሉ ይለመልማል እንጂ ዘር አይቋጥርም።

ከዚያ አንድ ስህተት ይከሰታል። የዘር ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞዞሙ መጋመስ ሲገባው ሳይጋመስ ይቀራል። 17 የያዘ ብናኝ 17 የያዘ እንቁላል ሲያገኝ 34 ክሮሞዞም ያለው ችግኝ ይበቅላል። አሁን እያንዳንዱ ክሮሞዞም ትክክለኛ አቻ አለው። መካንነቱ በአንድ ጊዜ ተወግዷል፤ ዘሩ ሙሉ ነው። ይህ ተክል ተመልሶ ከጥቅል ጎመን ጋር ቢዳቀል ግን ልጁ 17 እና 9፣ ድምሩ 26 ይይዛል። 9ኙ ጥንድ ያገኛሉ፣ 8ቱ ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ዘሩም ይበላሻል። ስለዚህ አዲሱ ተክል በተወለደ ማግስት ከወላጆቹ ተነጥሏል። ይህን የሦስቱን ዝምድና ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 በሦስት ማዕዘን ሥዕል አሳይቷል። ክሮሞዞም እጥፍ የሚያደርግ ኮልቺሲን የተባለ ውህድ በመጠቀምም ሁለቱን ወላጆች አዳቅሎ ያንኑ ጎመን በቤተ ሙከራ መሥራት ተችሏል።

ቡናችንም በዚሁ መንገድ ነው የተገኘው፤ እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም ካላቸው ሁለት የቡና ዝርያዎች 44 ያለው ዓረቢካ ወጣ። የዳቦ ስንዴም 42 ክሮሞዞሙን ያገኘው 28 ያለው ስንዴና 14 ያለው የዱር ሣር ተዳቅለው ነው። ለዘር ያዥ ተግባራዊ ትርጉም አለው፦ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን አጠገብ ላጠገብ ካበቡ ንብ ያዳቅላቸዋል፣ የሚሰበሰበው ዘርም ጥቅልም አበባም የማይሆን ዝብርቅርቅ ያወጣል፤ አንድ ዝርያ ናቸውና። የሐበሻ ጎመን ግን በአጠገባቸው ቢኖርም በዚህ መጠን አይበላሽም።

ሳይለያዩ፣ በአንድ ቦታ እያሉስ?

ይህ ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ነው። ዛሬ እንደሚቻል ይታመናል፣ ግን ከበድ ይላል፤ አብረው የሚኖሩ ስለሚቀላቀሉ ልዩነቱ በየትውልዱ ይፈርሳል። እንዲሳካ ምግብና ጋብቻ መያያዝ አለባቸው። በሰሜን አሜሪካ አንዲት የፍራፍሬ ዝንብ የምትራባው በአገሬው የዱር ፍሬ ላይ ነበር። አውሮፓውያን ፖም ካመጡ በኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከፊሎቹ ወደ ፖም ዞሩ። ዝንቦቹ የሚገናኙት ፍሬው ላይ ነው፣ ፖም ደግሞ ከዱሩ ፍሬ ሳምንታት ቀድሞ ይበስላል። የፖሙ ዝንብ ከፖሙ ዝንብ ጋር መገናኘት ጀመረች። ገና ሁለት ዝርያ አልሆኑም፤ መንገድ ላይ ናቸው።

ብልጫ የሚባሉት የጣና ሐይቅ ዓሦችም ከዚህ ጋር ይነሳሉ። ከአንድ አባት የወጡ 15 ያህል ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለይተዋል፤ አንዱ ዓሣ አዳኝ፣ አንዱ ከአፈር ለቃሚ፣ ከንፈሩና አፉ እንደ ሥራው ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ዓሣ እንዳይመጣ ዘግቶላቸዋል። ከፊሎቹ በክረምት ጉማራንና ርብን ወደመሳሰሉ ወንዞች ወጥተው ሲጥሉ የተቀሩት እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይጥላሉ። የዘረ መል ልዩነታቸው ትንሽ በመሆኑ ሁሉም ሙሉ ዝርያ ናቸው ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በዓይን ታይቶ ያውቃል?

አንድ ቁጥር የለውም። በመልክዓ ምድር ለተለያዩ እንስሳት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በመቶ ሺዎችና በሚሊዮን ዓመታት ነው። የጣናዎቹ ግን እጅግ ፈጥነዋል፤ ሐይቁ ከ15 ሺህ ዓመታት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር ደለሉ ይመሰክራል፣ ስለዚህ አሁን የምናየው መልክ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

በዓይን የታየም አለ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከአውሮፓ ወደ ሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የገቡ ሦስት የትራጎፖገን ወገን የዱር አበባዎች እዚያ ተዳቅለው፣ ክሮሞዞማቸው እጥፍ ሆኖ፣ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 ተገልጸዋል። ወላጆቹ መቼ እንደገቡ ስለሚታወቅ የልጆቹ ዕድሜ ከመቶ ዓመት ብዙም እንዳልዘለለ ግልጽ ነው።

ከተማው እየሰፋ ደኑን ከቆራረጠው በየቁራጩ አዲስ ዝርያ ይፈጠራል ማለት ነው?

በዚህ ተስፋ ማድረግ ያሳዝናል፤ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። መለያየት ዝርያ የሚያፈራው የተለያዩት ሁለቱ ወገኖች ብዙ ትውልድ መቆየት ሲችሉ ነው። በመንገድና በቤት የተከበበ ቁራጭ ደን ውስጥ የቀሩ ጥቂት ድኩላዎች ከወንድምና ከእህት መዳቀል ይጀምራሉ። ተደብቀው የኖሩ ጎጂ ዘረ መሎች ይገጣጠማሉ፣ የሚወለደው ይደክማል፣ አንድ በሽታ ወይም አንድ ክፉ በጋ ይጨርሳቸዋል።

ለዛፍም ቢሆን ያው ነው። ኮሶን ብናይ በአብዛኛው ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ነው። ግቢ ውስጥ ብቻዋን የቀረች ሴት ኮሶ ቀያይ አበባዋን ብታንዠረግግም በነፋስ መንገድ ላይ ወንድ ከሌለ ፍሬያማ ዘር አትሰጥም። ችግኝ የሚያፈላ ሰው ዘሩን ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ተራርቀው ካሉ ከብዙ ዛፎች ቢሰበስብ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ዝንጀሮ ለምን አሁንም አለ?

ሰው ዛሬ ካለው ዝንጀሮ አልመጣም። እርስዎና የአጎትዎ ልጅ አንድ አያት አላችሁ፤ እርስዎ ከአጎትዎ ልጅ አልተወለዱም፣ እርስዎ ስለተወለዱም እሱ አይጠፋም። በሕይወት ካሉት ለሰው የቅርብ ዘመዱ ቺምፓንዚ ነው፤ የሁለቱ የጋራ አባት የኖረው ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመታት በፊት እንደሆነ ይገመታል። በደብረ ሊባኖስ ገደል የምናየው ጭላዳ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ የተለየ ቅርንጫፍ ነው። ዛሬ ያሉ ሰዎች በሙሉ፣ በቀለምም በቁመትም ቢለያዩ፣ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ንዑስ ዝርያም የላቸውም።

ቀይ ቀበሮና ውሻ ተዳቅለው የሚወልድ ልጅ ያፈራሉ። ታዲያ ለምን ሁለት ዝርያ ይባላሉ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የማየርን ትርጉም የሚፈትነውም እንዲህ ያለው ነው። ሁለቱም 78 ክሮሞዞም አላቸው፣ በባሌም ዲቃላዎች ታይተዋል። ነገር ግን ድንበሩ የግድ ፍጹም መሆን አይጠበቅበትም። ቀይ ቀበሮ በውርጭማ ደጋ ላይ አይጥ በማደን የተካነ፣ ለረጅም ዘመን በራሱ መንገድ የሄደ የዘር ሐረግ ነው። ዲቃላ ብቅ እያለም ሁለቱ ተለይተው ከኖሩ ባለሙያዎች ሁለት ዝርያ ይሏቸዋል።

አደጋው ግን እውነተኛ ነው። አዋቂዎቹ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ከ500 አይበልጡም፣ ውሻው ደግሞ በየመንደሩ ነው። ብዙው ትንሹን በመዳቀል ሊውጠው ይችላል። ከዚህም የባሰው ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በደጋ ጥብቅ ስፍራ አጠገብ ውሻን ማስከተብና አስሮ ማሳደር የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

በየተራራው የሚጮኸው ተራ ቀበሮ ስሙ ተቀየረ ይባላል። ባለሙያዎች ለምን ሐሳባቸውን ይለውጣሉ?

በመልኩ የእስያና የአውሮፓ ቀበሮ ስለሚመስል ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ዲኤንኤው ሲነጻጸር የአፍሪካው ከእስያው ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። መመሳሰላቸው የመጣው ከኑሯቸው መመሳሰል ነው። አሁን ካኒስ ሉፓስተር፣ የአፍሪካ ተኩላ ይባላል። እንስሳው አልተለወጠም፤ መለኪያው ረቀቀ።

ከመለኪያዎቹ አንዱ የዘር ሐረግ ነው፦ ከአንድ አባት የወጣና ከሌላው በግልጽ የተነጠለ ቅርንጫፍ እንደ ዝርያ ይቆጠራል። ይህ ማየት የማይቻለውን ጋብቻ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ጉዳቱ ግን በጣም ከጠበቀ እያንዳንዱን ሸለቆ ዝርያ ማድረጉ ነው።

የማይዳቀሉ ባክቴሪያዎችስ? ከድንጋይ ውስጥ የሚወጣ አጽምስ?

ባክቴሪያ ራሱን ለሁለት ከፍሎ ስለሚባዛ የመራባት መለኪያ አይሠራለትም። በተግባር የሁለት ባክቴሪያዎች ሙሉ ዲኤንኤ ተነጻጽሮ 95 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ከተመሳሰለ አንድ ዝርያ ይባላሉ። መስመሩ የስምምነት መስመር ነው።

ለአጽም ያለን ቅርጽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችው ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ የሚል የዝርያ ስም የተሰጣት በጥርስ፣ በመንጋጋና በአጥንት ቅርጽ ነው። ከማን ጋር እንደተራባች ማንም ሊነግረን አይችልም። ዲኤንኤ ሲገኝ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ኒያንደርታል በአጽሙ የተለየ ቢሆንም ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሰዎች ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ዘረ መሉን ይዘዋል። ሁለት ዝርያ ነበሩ የሚሉና አንድ ነበሩ የሚሉ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ።

ያልታወቀ የሚመስል ተክል ባገኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አይንቀሉት። አበባውን፣ የቅጠሉን ሁለት ገጽ፣ ቅጠሉ ግንዱ ላይ የሚያያዝበትን ቦታና ሙሉ ቁመቱን ፎቶ ያንሱ፤ አንድ ሳንቲም አጠገቡ ቢቀመጥ መጠኑን ይነግራል። ተክሉ በዙሪያው በብዛት ካለ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ ከአበባና ከፍሬ ጋር ይቁረጡ። አበባና ፍሬ የሌለው ቅጠል ብዙ ጊዜ አይለይም። በጋዜጣ መሐል ዘርግተው፣ አንድ ቅጠል ገልብጠው ጀርባው እንዲታይ አድርገው፣ በሁለት ካርቶን መሐል ከባድ ነገር ይጫኑበት። ጋዜጣውን ለመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት በየቀኑ ይቀይሩ። በክረምት ይህን የዘለለ ሰው በሳምንቱ የሚያገኘው የሻገተ ጥቁር ቅጠል ነው።

በዚያው ቀን በወረቀት ይጻፉ፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ አፈሩ፣ አጠገቡ ያሉ ዛፎች፣ የአበባው ቀለምና ሽታ። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚጠፋ ማስታወሻው ከናሙናው እኩል ዋጋ አለው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ወይም ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይውሰዱት። በአብዛኛው ቀድሞ የታወቀ ሆኖ ይገኛል፤ ያም ቢሆን በዚያ ቦታ ሲገኝ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ናሙና ከአገር ማውጣት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቃል።

በእርግጥ አዲስ ከሆነ ባለሙያው ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ያነጻጽረዋል፣ የሚለይበትን በጽሑፍ ይገልጻል፣ ስም ያወጣለታል፣ በሳይንስ መጽሔት ያወጣዋል። ገለጻው እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ በላቲን የግድ ነበር፤ ከ2012 ወዲህ በእንግሊዝኛም ይፈቀዳል። አንዱ ናሙና የስሙ መሠረት ተብሎ በሄርባሪየሙ መደርደሪያ ይቀመጣል። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለዚያ ስም የሚጠራጠር ሰው የሚከፍተው ያንኑ ወረቀት ነው።